ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ እና የአቃቂ ሬዲዮ የእንግሊዝኛ ድምፅ

አብዛኛው ሕዝብ በማይናገረው ቋንቋ የሚያሰራጭ ሬዲዮ የሚናገረው ለማን ነው? በስፓኒሽ ተናጋሪዋ ፖርቶ ሪኮ በእንግሊዝኛ የሚያሰራጩ ጣቢያዎች ዋነኛ አድማጭ በዚያው በደሴቲቱ የሚኖረው እንግሊዝኛ ሰሚ ነው። በኢትዮጵያ ግን የእንግሊዝኛው ስርጭት ታሪክ የሚጀምረው ከድንበር ማዶ ያለን አድማጭ በመፈለግ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን በልዕልት ፀሐይ ሕይወት በኩል ይመለከታል።

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ መኮንን፣ በኋላ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ እና ከወይዘሮ መነን አስፋው ተወለዱ። ጣልያን ለወረራ በምትሰናዳበት ወቅት ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቢሆኑም እንግሊዝኛን አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር። ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት እቴጌ መነን ለዓለም ሴቶች በሬዲዮ የሰላም ጥሪ አሰሙ። እቴጌይቱ በአማርኛ ሲናገሩ መልእክቱን በእንግሊዝኛ ያሰሙት ልጃቸው ነበሩ። ጦርነት በሁሉም አገር ያሉ እናቶችን እኩል እንደሚጎዳ በማስታወስ የዓለም ሴቶች ድምፃቸውን ለሰላም እንዲያሰሙ የተማጸነ ጥሪ ነበር።

በዚህ ሥርጭት ሁለቱ ቋንቋዎች የተለያየ ተግባር ነበራቸው። አማርኛው የተናጋሪዋን ማንነትና ሥልጣን ያረጋግጣል፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ጉዳዩን ፍርድ ሊሰጥ ይችላል ተብሎ ለታመነው ዓለም ያደርሳል። በአገር ውስጥ የሬዲዮ መቀበያ ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ስለነበረ አማርኛውን እንኳ የሰማው ኢትዮጵያዊ ብዙ አልነበረም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የክተት አዋጁ በአዲስ አበባ የታወጀው በነጋሪት ነው፤ እንደ መዘዞ ላሉ የሰሜን ሸዋ የገጠር ገበያዎችም የመንግሥት ቃል የሚደርሰው በአዋጅ ነጋሪ አንደበት ነበር። ስለዚህ አንዱ የአገር ጭንቅ በሁለት መንገድ ተነገረ፤ ለወገን በነጋሪት፣ ለባዕድ በሬዲዮ።

የባዕዱ ጆሮ ሰማ፤ ወረራውን ግን አላስቆመም። ልዕልቲቱ በጦርነቱ ወቅት ለቁስለኞች ርዳታ በሚያሰባስበው የሴቶች እንቅስቃሴ ተሳተፉ፤ ስለ መርዝ ጋዙም ለእንግሊዝ ሴቶች አቤቱታ ላኩ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር ለስደት ከአዲስ አበባ ወጡ። በለንደን በታላቁ ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው በ1931 ዓ.ም. ተመረቁ። ለንግግር የተማሩት ቋንቋ አሁን የሙያ መማሪያ ሆነላቸው።

ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል አገለገሉ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ከአቢይ አበበ ጋር ተጋቡ፤ ባለቤታቸው ወለጋን እንዲያስተዳድሩ በመሾማቸውም ወደ ነቀምቴ ሄዱ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በሃያ ሁለት ዓመታቸው በዚያው ዐረፉ። እናቶችን ለማዳን የሚሆን ሙያ ይዘው የተመለሱት ልዕልት የእናትነት ደጃፍ ላይ መቀጨታቸው የአገሪቱን የሕክምና እጦት በግልጽ አሳየ። ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ባስተባበሩት የገንዘብ መዋጮ የተደገፈው የመታሰቢያ ሆስፒታላቸው እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ።

በ1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ሲጀምር እንግሊዝኛ ከቋንቋዎቹ አንዱ ነበር፤ በኋላም አፍሮ ኤፍኤም 105.3 በመዲናዪቱ ለሚኖሩ እንግሊዝኛ ሰሚዎች ማሰራጨት ያዘ። አድማጩ ቀስ በቀስ ከባሕር ማዶ ወደ ከተማይቱ ገብቷል። የእነዚህን ጣቢያዎች ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ መነሻውን ከገበያ ብቻ ቢፈልግ ግማሹን ያጣዋል። በአቃቂው ዘመን እንግሊዝኛ የተመረጠው የአድማጭ ቁጥር ተሰልቶ አልነበረም፤ የአገር ህልውና አደጋ ላይ ስለነበረ ነው።