ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፦ ሸክላ ላይ የተቀረፀው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ድምፅ

ተክለ ሃይማኖት ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ ስልካችሁ ላይ ዘፈን ስትከፍቱ፣ የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ የምንጃር ሰው ናቸው ብትባሉ ታምናላችሁ?

ተሰማ እሸቴ የዘር አዝማሪ አልነበሩም፤ ግጥም ከአፋቸው የማይጠፋ የቤተ መንግሥት ሰው እንጂ። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የመኪና ሙያ እንዲማሩ ጀርመን ላኳቸው። እሳቸው ግን በርሊን ላይ ማሲንቆ ይዘው ዘፈን ቀረፁ! ያኔ ማይክ የለ፣ ኤዲቲንግ የለ። ትንሽ ክፍል ውስጥ ትልቅ ጡሩንባ ፊት ቆሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ መዝፈን ነው፣ ከተሳሳቱ ሸክላው ተበላሸ ማለት ነው። ያውም አዝማሪ በሚናቅበት ዘመን። ለአንድ ባለሟል ይሄ ቀላል ድፍረት አይደለም።

በልጅ ኢያሱ ዘመን የፖስታ፣ ቴሌግራፍና ስልክ ሚኒስትር ሆኑ። መስከረም 1909 ልጅ ኢያሱ ሲወርዱ ወዳጅነቱ ዋጋ አስከፈላቸው፣ ሹመቱም ቀረ።

ያረፉት በ1950ዎቹ ነው። ግጥሞቻቸውን «ሰምና ወርቅ» በሚል መጽሐፍ ያሰባሰቡት ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። አዎ፣ የካፍ ፕሬዝዳንት የነበሩት የኳሱ ሰው!

የበርሊኑ ቅጂ ከመቶ ዓመት በኋላ በ«ኢትዮፒክስ» 27ኛ ቅጽ ወጥቷል። ሸክላው ይንሿሿል፣ እንደዛም ሆኖ ማሲንቆው ይሰማል።