ሬጂናልድ ፌሰንደንና የገና ዋዜማው ድምፅ

ራዲዮ ከፍቶ ንግግርና ዘፈን መስማት ዛሬ ለማንም ብርቅ አይደለም። ያለ ሽቦ ስለሚላክ ቴሌግራፍ ሲነሣ ሁላችንም የማርኮኒን ስም እንጠራለን። የሰውን ድምፅ በአየር ሞገድ ላይ ለመጫን የደከመውን ሬጂናልድ ፌሰንደንን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ እጽፋለሁ፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፌሰንደን ኦክቶበር 6 ቀን 1866 በካናዳ፣ በኩቤክ ክፍለ ሀገር፣ ኢስት ቦልተን በተባለች መንደር ከአንድ ቄስ ተወለደ። በ20 ዓመቱ ገደማ ወደ አሜሪካ ሄዶ በቶማስ ኤዲሰን ዘንድ ሥራ ያዘ። ከዚያም በፒትስበርግ ከተማ መምህር ሆነ፤ በ1900 ደግሞ የአሜሪካ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ቀጠረው።

በዚያ ዘመን ያለ ሽቦ የሚላከው የሞርስ ምልክት ብቻ ነበር። ሞገዱን የሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው፤ ብልጭታውም ብልጭ ብሎ ድርግም ስለሚል ሞገዱ የተቈራረጠ ነበር። በተቈራረጠ ሞገድ ድምፅ መላክ በተቀደደ ስልቻ ጤፍ እንደ መጫን ነው። ፌሰንደን በመጀመሪያ ብልጭታው በሰኮንድ 10,000 ጊዜ እንዲሆን አደረገ። ዲሴምበር 23 ቀን 1900 በፖቶማክ ወንዝ ካለችው ከኮብ ደሴት ሆኖ፣ 1 ማይል ርቆ ለተቀመጠው ረዳቱ ቍጥር ቈጠረለትና በዚያ በኩል በረዶ ይጥል እንደ ሆነ ጠየቀው። ድምፁ ቢሻክርም ረዳቱ ሰማ፤ መልሱንም በቴሌግራፍ ላከ።

ፌሰንደን በዚህ አልረካም። ብልጭታውን ትቶ ሳያቋርጥ የሚፈስ ሞገድ የሚያመነጭ ፈጣን ጄኔራተር አሠራ። ዲሴምበር 21 ቀን 1906 በማሳቹሴትስ ጠረፍ ካለው ከብራንት ሮክ ጣቢያው ንግግርና የሸክላ ሙዚቃ 11 ማይል ወደሚርቀው ወደ ፕሊመዝ ላከ። የተጋበዙ ባለሙያዎች ሰሙ፤ ወሬውም በ1907 መጀመሪያ በአንድ የስልክ ሙያ መጽሔት ታተመ።

ነገር ግን ፌሰንደን ይበልጥ የታወቀው በሌላ ታሪክ ነው። ይኸውም በዚያው ዓመት በገና ዋዜማ ቫዮሊን እየተጫወተ ከመጽሐፍ ቅዱስም እያነበበ፣ በባሕር ላይ ያሉ የመርከብ ቴሌግራፈኞች ሰሙት የሚለው ነው። ይህን የጻፈው እሱ ራሱ ነው፤ የጻፈውም ጃኑዋሪ 29 ቀን 1932 ለቀድሞ የሥራ ባልደረባው በላከው ደብዳቤ ነው። ነገሩ ተደረገ ከተባለ 25 ዓመት አልፎ ነበር። ባለቤቱም በ1940 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኩ ደገመችው። ተመራማሪዎች የዚያን ጊዜውን የመርከብና የጣቢያ መዝገብ ቢመረምሩም፣ በዚያ ሌሊት ሰማሁ ብሎ የጻፈ ሰው አላገኙም።

ታዲያ ዋሽቷል እንበልን? እንዲህ ብሎ ለመፍረድ ማስረጃው አይበቃም፤ ቀኑን ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ብዙ በደል አይቷል። በ1911 ገንዘብ ካወጡለት ሸሪኮቹ ጋር ተጣልቶ ከሥራው ወጣ፤ ስለ ፈጠራው መብት የተነሣው ሙግትም እስከ 1928 ዘለቀ። ቢሆንም ከሥራ አልቦዘነም። ታይታኒክ በ1912 ከሰጠመች በኋላ፣ በውሃ ውስጥ ድምፅ ሰድዶ የገደል ማሚቶውን በመቀበል የበረዶ ተራራንና የባሕርን ጥልቀት የሚለይ መሣሪያ ሠራ። ጁላይ 22 ቀን 1932፣ ያችን ደብዳቤ ከጻፈ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በቤርሙዳ ደሴት ዐረፈ።

ደብዳቤዎቹና የሥራ ማስታወሻዎቹ ዛሬ በኖርዝ ካሮላይና ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። በዚያው ግዛት በሮአኖክ ደሴት ጠረፍ በ1901 እና በ1902 ሙከራ አድርጎ ነበር።

ከዚህ ታሪክ እኛ ተማሪዎች የምንማረው ነገር አለ። ሥራን መሥራት ብቻ አይበቃም፤ በዕለቱ ቀን ጠቅሶ ምስክርም አቁሞ መጻፍ ያስፈልጋል። በዲሴምበር 21 የተደረገው በጊዜው ስለ ተጻፈ ማንም አይነጥቀውም፤ የገና ዋዜማው ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በሳይንስ ክፍላችን የሙከራ ደብተር ስንይዝ፣ ነገ እጽፈዋለሁ ብለን ገጹን ባዶ ባንተወው መልካም ነው።