ሮበርት ቦሽ እና የናፍጣ ፓምፑ

ቦሽ የሚለውን ስም መሰርሰሪያ ላይም፣ ካንዴላ ላይም፣ የናፍጣ ፓምፕ ላይም እናየዋለን። የሰው ስም መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ኢኮኖሚክስ ስማር ስለ ፋብሪካና ስለ ደመወዝ ብዙ አንብቤያለሁ፤ የዚህን ሰውዬ ያህል ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ ባለሀብት ግን የለም።

ቦሽ የተወለደው በ1861 (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀርመን ውስጥ፣ ኡልም ከተማ አቅራቢያ ነው። ከ12 ልጆች 11ኛው ነበር። መካኒክነት ተምሮ፣ አሜሪካ ሄዶ ኤዲሰን ዘንድ ሠርቶ ተመለሰና በ1886 ሽቱትጋርት ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ። ስሙን ያስጠራው የቤንዚን ሞተርን የሚያቀጣጥለው ማግኔቶ ነው።

የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ አያስፈልገውም። ሲሊንደሩ ውስጥ አየር ክፉኛ ሲታመቅ ይግላል፤ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ችግሩ ያንን የታመቀ አየር አሸንፎ ናፍጣውን ማስገባቱ ላይ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል ይህን ያደርግ የነበረው በኮምፕረሰር ነው። ኮምፕረሰሩ ከባድ ስለነበር ሞተሩ ለመርከብና ለፋብሪካ እንጂ ለመኪና አልተመቸም።

ቦሽ በ1922 ወደዚህ ሥራ ለመግባት ወሰነ፤ ፓምፑ በብዛት መመረት የጀመረው በ1927 ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ትንሽ ፒስተን አለ። ካምሻፍቱ ሲገፋው ናፍጣው መውጫ ያጣና ግፊቱ ይንራል፤ በቀጭን ቱቦ አልፎ በኖዝሉ እንደ ጉም ይረጫል። ፒስተኑ ጎን ላይ ሰያፍ ቦይ አለው። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ፒስተኑ ትንሽ ዞር ይላል፤ የሚረጨው ናፍጣም ይጨምራል። በፒስተኑና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት የሚሊሜትር ሺህኛ ብቻ ነው። መካኒኮች ፊልትሮ ቀይሩ እያሉ የሚጨቀጭቁን ወደው አይደለም፤ ቆሻሻ ናፍጣ ፓምፑን ይገድለዋል።

ፓምፑ መጀመሪያ የጭነት መኪና ላይ ገባ፤ በ1936 ደግሞ መርሴዲስ 260 ዲ የተባለች የቤት መኪና ላይ።

እንዲህ ያለ ሥራ በደከመ እጅ አይሠራም ባይ ነኝ። ቦሽም ገና በ1906 የሥራ ቀኑን 8 ሰዓት አድርጎ ነበር። ያም ሆኖ በ1913 ሠራተኞቹ አድማ መቱ፤ እሱም ወደ አሠሪዎች ማኅበር ገባ። በናዚ ዘመን ድርጅቱ ለጦርነቱ አምርቷል፣ በግዳጅ የመጡ ሰዎችንም አሠርቷል። ቦሽ ራሱ ደግሞ የሂትለር ተቃዋሚ ለነበረው ለካርል ገርደለር ከለላ ሰጥቷል፤ አይሁዶች እንዲያመልጡም ረድቷል። አንዱ ሌላውን ያጥበዋል ብዬ አላምንም፤ ሁለቱም አብረው ይነገሩ።

በመጋቢት 1942 አረፈ። ዛሬ ከድርጅቱ 94 በመቶ ያህሉ በስሙ የተቋቋመው ፋውንዴሽን ነው፤ የሚደርሰው ትርፍም ለጤና፣ ለትምህርትና ለመሳሰሉት ይውላል። እኔን የሚገርመኝ ግን እነዚያ ዓመታት ናቸው። ፓምፑ ገበያ እስኪወጣ ድረስ ወጪ እንጂ ገቢ አልነበረውም። እኛ አገር ሸቀጥ አምጥቶ በወሩ ማትረፍ ለለመደው ገንዘብ፣ አምስት ዓመት መጠበቅ ምን ያህል ይከብደው ይሆን?