ጀምስ ብሩስና የኮሶ ዛፍ

የጀምስ ብሩስን ስም ያልሰማ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊ ነው። ዛሬ ግን ታሪኩን በዓባይ በኩል ሳይሆን በኮሶ በኩል እናቀርብላችኋለን።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 ተወለደ። በ1754 ሚስት ቢያገባም በዚያው ዓመት ሞተችበት። በ1763 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነ። በ1769 ምጽዋ ደርሶ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ። በቤተ መንግሥት ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና ልጆቹን በማከሙ በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በወይዘሮ አስቴር ዘንድ ተወደደ። በዚያው ዓመት እንፍራዝን አልፎ በጣና ምሥራቅ ዳርቻ ወደ ጢስ ዓባይ ወረደ፤ ይህ እንግዲህ እኛ የይፋግ ልጆች የምናውቀው መስመር ነው። በዓመቱ መጨረሻ አካባቢም ግሽ ዓባይ ደረሰ።

በጉዞው ዕፀዋትን ይሰበስብ ነበር። ሥዕላቸውን የሚስለው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ፤ ብሩስም የድካሙን ያህል ስሙን አላነሳለትም። ብሩስ አገሩ ሲገባ ያየውን ቢናገር ብዙዎች ውሸታም አሉት። በ1790 ታሪኩን በአምስት ቅጽ አሳተመ። በ1794 ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

ኮሶን ለአውሮፓ አንባቢ በሰፊው ያስተዋወቀው ይኸው መጽሐፍ ነው። ብሩስ ለዛፉ የወዳጁን የባንክስን ስም ቢሰጠውም ስሙ ቀድሞ ለሌላ ተክል ተሰጥቶ ስለነበር አልጸናም። በ1791 ሃጌኒያ ተባለ። የብሩስ ስም ግን በዋጊኖስ ላይ ቀረ።

ብሩስ አጉልቶ የጻፈው መድኃኒትነቱን ነው። ዛፉ እንዴት ይራባል የሚለውስ? ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ይበቅላሉ። የወንዴውን የአበባ ዱቄት ወደ ሴቴው የሚያደርሰው ነፋስ ነው። ነፋስ ደግሞ እንደ ንብ አበባ መርጦ አያርፍም፤ ያገኘው ቦታ ይበትነዋል። ስለዚህ ዛፎቹ በተራራቁ ቁጥር ዱቄቱ እየሳሳ ይሄዳል፣ ዘሩም ይቀንሳል። ብቻዋን የቀረች ሴቴ ኮሶ አበባዋ ቢያምርም ዘሯ ያጠራጥራል።

ሌላም ችግር አለ። ለመድኃኒት የሚፈለገው በተለይ ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ ነው፤ ዘሩ ሳይበስል ይቆረጣል። ሆዳችንን ስናጸዳበት የኖርነው እንግዲህ የነገውን ችግኝ እየቀጠፍን ነው ማለት ነው። ዛሬ በጤና ጣቢያ የኮሶ ትል ክኒን አለ። ኮሶው ራሱ ሲበዛ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ስለዚህ በደጋ ትምህርት ቤት የምንመደብ ሁሉ ኮሶ ስናስተክል አንድ ችግኝ ተክለን አንመለስ። ችግኙ እስኪያብብ ወንዴ ይሁን ሴቴ አይታወቅምና ብዙ አድርገን፣ አቀራርበን እንትከል። በቆሙት ዛፎች ላይም ጥቂት አበባ ለዘር እናስቀር።