ሲሴሮ፤ የሮማው ተናጋሪ

ማርቆስ ቱልዮስ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ106 ዓመት በኢጣልያ አገር አርፒኑም በምትባል ከተማ ተወለደ። ከአባቶቹ መካከል በሮማ ለከፍተኛ ሹመት የበቃ አልነበረም። እርሱ ግን ሕግንና የንግግር ጥበብን ተምሮ ጠበቃ ሆነ፤ ከልደት በፊት በ63 ዓመትም ቆንስል ተብሎ ተሾመ።

በዚያው ዓመት ካቲሊና የተባለ ባላባት መንግሥቱን ለመገልበጥ ሲያሴር ሲሴሮ ደረሰበት። የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት አማክሮም ከሴረኞቹ አምስቱን ያለ ፍርድ አስገደለ። በጊዜው የአገር አባት ተብሎ ተመሰገነ፤ ነገር ግን በዚሁ ሥራው ተከሶ በ58 ዓመት ተሰደደ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ተመለሰ።

ዩልዮስ ቄሣር በ44 ዓመት ከተገደለ በኋላ ሥልጣኑ በጦር አለቆች እጅ ወደቀ። ሲሴሮ አንድ ወታደር ሳይኖረው ማርቆስ አንቶንዮስን የሚቃወሙ 14 ንግግሮች አዘጋጀ። ያምነው የነበረው ወጣቱ ኦክታቪያኖስ፣ ኋላ አውግስጦስ ቄሣር የተባለው፣ ከአንቶንዮስ ጋር ታርቆ አሳልፎ ሰጠው። በ43 ዓመት ወታደሮች ገደሉት፤ ራሱም በሮማ አደባባይ ተሰቀለ።

እንግዲህ ሲሴሮ ያለ ፍርድ አስገደለ፤ ከ20 ዓመት በኋላም ያለ ፍርድ ተገደለ። ለበጎ ተብሎ የተጣሰ ሕግ ለክፉ ሰው መንገድ እንደሚከፍት ከሕይወቱ እንማራለን።