ጉንፔይ ዮኮይ፤ ከተናቀ ዕቃ ጨዋታ ያወጣው መሐንዲስ

እሑድ ከቀትር በኋላ ከመገናኛ ተነሥቶ በገርጂ በኩል ወደ ቦሌ የሚጓዝ ሰው በየመንደሩ የተከፈቱትን የጌም ቤቶች ሳያይ አያልፍም። ወጣቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይጫወታሉ፤ ተራ የሚጠብቁት ደግሞ ከኋላ ቆመው ይከራከራሉ። ክርክሩም ማን ግብ አገባ በሚለው ብቻ አይወሰንም፤ ወደፊት ምን ዓይነት ጨዋታ ቢሠራ ደስ ይላል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው የዐድዋን ዘመቻ ስንቁንና ውሃውን ጭምር እያሰበ የሚመራበት ጨዋታ ይመኛል። ሁለተኛው የአያቶቹን ገበጣ በሩቅ አገር ካለው ወንድሙ ጋር በስልክ ሊጫወት ይፈልጋል። የሦስተኛው ምኞት አጭር ነው፤ በርካሽ ስልክ ላይ የሚሠራ፣ ኢንተርኔትም የማይጠይቅ ይሁንለት እንጂ ሌላው ግድ የለውም። ወዲያው ግን ከመካከላቸው አንዱ በእኛ አገር ገንዘቡም መሣሪያውም በሌለበት ይህን ማን ይሠራዋል ብሎ ክርክሩን ይዘጋዋል።

ይህ አነጋገር ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ለመመርመር የአንድ ጃፓናዊ መሐንዲስን ሕይወት መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉንፔይ ዮኮይ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1941 ዓ.ም. በኪዮቶ ከተማ ተወለደ። በዚያው ከተማ በሚገኘው በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ተምሮ ከተመረቀ በኋላ በ1965 ኒንቴንዶ በተባለ ድርጅት ተቀጠረ። ኒንቴንዶ ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀ የጌም ድርጅት ቢሆንም በዚያን ጊዜ ዋና ሥራው በ1889 ሲቋቋም እንደ ጀመረው የአበባ ሥዕል ያለባቸውን የመጫወቻ ካርታዎች ማተም ነበር። የወጣቱ መሐንዲስ ሥራም ካርታ የሚያትሙትን መኪናዎች መጠበቅና ሲበላሹ መጠገን ነበር። ዲፕሎማውን ይዞ ከፍ ያለ ነገር ለሚጠብቅ ሰው ይህ የሚያኰራ ቦታ አልነበረም።

መኪናዎቹ ደኅና ሲሠሩ ጊዜ ይተርፈው ስለ ነበር ዮኮይ ከተራ ዕቃ እንደ መቀስ የሚዘረጋና የሚሰበሰብ፣ ከሩቅ ዕቃ የሚይዝ የእጅ መጫወቻ ለራሱ ሠራ። አንድ ቀን የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማኡቺ ፋብሪካውን ሲጎበኝ በዚሁ ዕቃ ሲጫወት አየው። ብዙ አለቆች ቢሆኑ በሥራ ሰዓት ተጫወትህ ብለው ደመወዙን ይቀጡት ነበር። ያማኡቺ ግን ዕቃውን ለገበያ እንዲሠራው አዘዘው። አልትራ ሃንድ ተብሎ በ1966 የወጣው ይህ መጫወቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ዮኮይም ከጥገና ክፍል ወጥቶ አዲስ መጫወቻ ፈጣሪ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሠራቸው ነገሮች አንድ ጠባይ ነበራቸው። በ1969 የወጣው የፍቅር መመርመሪያ የተባለው መጫወቻ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው መያዣዎቹን ሲጨብጡ በሰውነታቸው የሚያልፈውን ጥቂት ኤሌክትሪክ ይለካ ነበር። ከአንድ ተራ መለኪያ በስተቀር በውስጡ አዲስ ነገር አልነበረም። ሰዎች የወደዱት መለኪያውን ሳይሆን እጅ ለመያዝ ምክንያት ስለ ሰጣቸው ነው። እንደዚሁም ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን የፀሐይ ሴል በብርሃን ለሚተኩስ የመጫወቻ ጠመንጃ ዒላማ አደረገው።

በስሙ የሚታወቀው ታላቅ ሐሳብ የመጣለት ግን በባቡር ላይ ነው። በጃፓን ፈጣን ባቡር ሺንካንሰን ሲጓዝ ከሥራ የደከመ አንድ ሰው ካልኩሌተር አውጥቶ ያለ ምንም ጉዳይ ቁልፎቹን ሲነካካ አየ። ሰውየው የሚያሰላው ሒሳብ አልነበረውም፤ የመንገዱን ርዝመት የሚያስረሳው ነገር ብቻ ፈልጎ ነው። ዮኮይም በኪስ የሚያዝ፣ በጎረቤት ዓይን የማያሳፍር ትንሽ ጨዋታ ቢኖር ይህ ሰው እንደሚገዛው ተረዳ። በዚያን ዘመን ሻርፕና ካሲዮ የተባሉት ድርጅቶች በካልኩሌተር ገበያ ብርቱ ውድድር ስለ ገጠሙ የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን ዋጋ እጅግ ወርዶ ነበር። ዮኮይ ያንኑ የረከሰ ስክሪን ወስዶ በ1980 ጌም ኤንድ ዎች የተባለውን፣ ሰዓትም ጨዋታም የሆነ ዕቃ አወጣ። ይህም በየዓይነቱ ተሠርቶ በጠቅላላው ከ43 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ዮኮይ ይህን አሠራር ወደ አንድ ትምህርት አደረሰው። አዲስ የተፈለሰፈ መሣሪያ ውድ ነው፤ ቶሎም ይበላሻል። የቆየው፣ ሰው ሁሉ የለመደውና እንደ ጠወለገ የሚቈጠረው መሣሪያ ግን ርካሽ ነው፤ ጠባዩም የታወቀ ነው። ስለዚህ ፈጣሪ ሰው ያንን የጠወለገ መሣሪያ ወስዶ ማንም ላላሰበው ጉዳይ ያውለው የሚል ነው። በ1982 ለዶንኪ ኮንግ የኪስ ጨዋታ የሠራው የመስቀል ቅርጽ ያለው መምሪያ ቁልፍ የዚህ ምስክር ነው። ረጅሙ መምሪያ ዘንግ ከኪስ ስለማይገባ በአንድ አውራ ጣት ወደ አራቱም አቅጣጫ የሚጫን ጠፍጣፋ ቁልፍ አደረገው። ዛሬ በጌም ቤቶቻችን ያሉት መጫወቻዎች ከግራ በኩል የያዙት ቁልፍ የዚሁ ዘር ነው።

በ1989 እርሱ የመራው ክፍል ጌም ቦይን አወጣ። ስክሪኑ ቀለም አልባና አረንጓዴ መሳይ ነበር። በዚያው ዓመት አታሪ ሊንክስ፣ በሚከተለውም ዓመት ሴጋ ጌም ጊር ባለ ቀለም ስክሪን ይዘው ወጡ፤ ያየ ሁሉ ጌም ቦይ ተሸነፈ ማለቱ አይቀርም ነበር። ነገር ግን ባለ ቀለሞቹ ስድስት የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ሲጨርሱ፣ ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሠራ ነበር። ዋጋውም ዝቅ ያለ ነበር፤ ቢወድቅም ቶሎ አይሰበርም። በአሜሪካ አብሮት የተሸጠው ጨዋታም አሌክሲ ፓጂትኖቭ የተባለ የሶቪየት ሰው የፈጠረው፣ ከሚወርዱ ቅርጾች በቀር ምንም የሌለበት ቴትሪስ ነው። ጌም ቦይና በኋላ የተከተለው ባለ ቀለሙ ወንድሙ በአንድነት ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል።

የሰውየው ታሪክ በድል ብቻ የተሞላ አይደለም። በ1995 ቨርቹዋል ቦይ የተባለ፣ ፊትን አስጠግተው የሚያዩት ጥልቀት ያለው የሚመስል ጨዋታ አወጣ። ሥዕሉ ሁሉ ቀይ ነበር፤ ብዙዎችም ራስ ምታትና የዓይን ድካም አመጣብን አሉ። እንደ ጌም ቦይ በመንገድ አይያዝ፤ እንደ ቤት ጨዋታም ከቤተ ሰብ ጋር አያዩት። አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከገበያ ወጣ። ለባቡሩ መንገደኛ ያሰበው ሰው በዚህ ጊዜ ሰውየው ዕቃውን የት ተቀምጦ እንደሚጫወተው ሳያይ ቀረ ማለት ይቻላል።

በኦገስት 1996 ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለበትን ድርጅት ተሰናበተ። ብዙዎች ምክንያቱ ይኸው ውድቀት ነው ቢሉም፣ እርሱ ግን የራሱን ሥራ ለመጀመር ቀድሞ ያሰበው መሆኑን ገልጿል። ኮቶ የተባለ አነስተኛ ድርጅት አቋቁሞ ባንዳይ ለተባለው ድርጅት አዲስ የኪስ ጨዋታ መንደፍ ጀመረ። ይሁን እንጂ ፍጻሜውን አላየም። ኦክቶበር 4 ቀን 1997 በሆኩሪኩ አውራ ጎዳና ሲጓዝ የተሳፈረበት መኪና ከአንድ የጭነት መኪና ጋር በቀላሉ ተጋጨ። ጉዳቱን ለማየት ሲወርድ ሌላ አላፊ መኪና ገጨውና በ56 ዓመቱ ዐረፈ። ዎንደርስዋን የተባለው የመጨረሻ ሥራው በ1999 ወጣ፤ አንድ የባትሪ ድንጋይ ብቻ ይበቃው ነበር። አብሮት ከወጡት ጨዋታዎች አንዱም ለመታሰቢያው በስሙ ተሰየመ።

አሁን ወደ ገርጂው ክርክር እንመለስ። መሣሪያው የለም የሚለው ወጣት ስልኩን በኪሱ ይዞ ነው የሚናገረው። ያ ስልክ፣ ርካሽ ቢሆንም፣ ጌም ቦይ በወጣበት ዘመን ዮኮይ በእጁ ከነበረው ሁሉ ይበልጣል። ጨዋታውም ከአባቶቻችን አልጎደለም። ገበጣ መሬት ላይ በተማሰ ጉድጓድና በጠጠር ይጫወቱታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ የሆኑ የገበጣና የመሰል ጨዋታ ዓይነቶችን መዝግቧል። ከጠጠር የበለጠ የተናቀ መሣሪያ ከየት ይመጣል? በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስም ለበዓል ወጥ የምትፈለግ ዶሮ ከገበሬው የምታመልጥበትን ኩኩሉ የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። እንግዲህ መንገዱ ተጀምሯል።

ተማሪው ከዮኮይ የሚወስደው ትምህርት ተጫዋቹን ቀድሞ ማየትን ነው። በማታ በመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ባዶ ስልኩን የሚነካካውን ሰው ያስተውል፤ የዚያ ሰው አውራ ጣት የሚፈልገውን ከብዙ መጠይቅ ይልቅ ይነግረዋል። ወጣቱ ሹም ደግሞ ከያማኡቺ የሚማረው አለው። ከበታቹ ያለው ሠራተኛ በትርፍ ጊዜው አንድ ነገር ሲሠራ ቢያገኘው፣ ከመገሠጹ በፊት ዕቃውን ተቀብሎ ይየው።