ሕጉን አስቆመ፣ ክሱ ግን አልቆመለትም፦ የአሮን ስዋርትዝ አጭር ሕይወት

ቀኑ ጃንዋሪ 18 ቀን 2012 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 9 ቀን 2004 ዓ.ም፣ የከተራ ዋዜማ። በዚያን ዕለት የእንግሊዝኛውን ዊኪፒዲያ የከፈተ ሰው የፈለገውን ጽሑፍ ሳይሆን ጥቁር ገጽ ነበር ያገኘው። ሬዲትም ተዘግቷል። ጉግል አርማውን በጥቁር ሸፍኖታል። ሌሎች ብዙ ሺህ ድረ ገጾችም እንዲሁ ጨልመዋል። ማንም አልጠለፋቸውም፣ የተበላሸም ነገር አልነበረም። ባለቤቶቹ ራሳቸው ሆን ብለው ነው የዘጉት። ምክንያታቸው ደግሞ በአሜሪካ ኮንግረስ ለመጽደቅ የተቃረቡ ሁለት ረቂቅ ሕጎች ነበሩ።

ውድ ተከታታዮቻችን፣ ዛሬ የምንተርክላችሁ ያን ተቃውሞ ብዙ ሰው ጉዳዩን ሳይሰማው በፊት ከጀመሩት ስለ አንዱ ነው። ስሙ አሮን ስዋርትዝ ይባላል። ሲሞት ገና 26 ዓመቱ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅ ሆኖ የጀመረ

አሮን የተወለደው ኖቬምበር 8 ቀን 1986 ነው። ያደገው በኢሊኖይ ግዛት፣ ከቺካጎ ወጣ ብላ በምትገኘው ሃይላንድ ፓርክ ከተማ ነው። ከሦስት ወንድማማቾች ታላቁ እሱ ነበር። አባቱ የሶፍትዌር ኩባንያ ስለነበራቸው ኮምፒውተር ለቤቱ እንግዳ አልነበረም።

ገና በ13 ዓመቱ ማንም ሰው ገብቶ የሚያውቀውን የሚጽፍበት የመረጃ ድረ ገጽ ሠርቶ ተሸለመ። ልብ በሉ፣ ያኔ ዊኪፒዲያ የሚባል ነገር አልነበረም። በ14 ዓመቱ ደግሞ ድረ ገጾች አዲስ ነገር ባወጡ ቁጥር ለአንባቢው በራሱ የሚያደርሰውን የአር.ኤስ.ኤስ. አሠራር አንዱን ስሪት ካዘጋጁት ባለሙያዎች መካከል ተቀመጠ። ከእሱ በስተቀር ሌሎቹ አዋቂዎች ነበሩ ማለት ይቻላል።

በ2002 ከሕግ ፕሮፌሰሩ ሎውረንስ ሌሲግ ጋር ሆኖ ክሪኤቲቭ ኮመንስን በማቋቋም ሥራ ተሳተፈ። ይህ ምንድነው? የፈጠራ ባለቤት ሥራውን ሌሎች እንዲጠቀሙበት ሲፈልግ፣ በምን ሁኔታ እንደሚፈቅድ አስቀድሞ የሚያስታውቅበት ነፃ የፈቃድ ዓይነት ነው። ዛሬ አማርኛውን ዊኪፒዲያ ስታነቡ፣ ጽሑፉን ስሙን ጠቅሳችሁ እንድትጠቀሙበት የሚፈቅድላችሁ ይኸው ፈቃድ ነው። ስለዚህ አሮን የደራሲና የዘፋኝ ጠላት አልነበረም። ባለቤቱ ራሱ ይወስን ነበር የሚለው።

ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከአንድ ዓመት በኋላ ተወው። የጀመረው ትንሽ ኩባንያ ከሬዲት ጋር ተዋሃደ፤ ሬዲት በ2006 ሲሸጥ አሮንም ገና በ20 ዓመቱ አካባቢ ገንዘብ ያዘ። የቢሮ ሥራ ግን አልሆነለትም፤ በ2007 መጀመሪያ ወጣ። ከዚያ በኋላ ልቡ ያረፈው ዕውቀትን ለሕዝብ በመክፈት ላይ ነው።

በ2008 የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች መዝገብ ላይ ዓይኑን ጣለ። መዝገቡ የሕዝብ ነው፤ ለማየት ግን ያኔ በገጽ 8 ሳንቲም ያስከፍል ነበር። በአንዳንድ ቤተ መጻሕፍት በሙከራ ነፃ መሆኑን ሲያውቅ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ገጽ አውርዶ ለሕዝብ እንዲደርስ አደረገ። ኤፍ.ቢ.አይ. መረመረው፣ ግን ሳይከሰስ ቀረ።

ሕጉ ምን ይል ነበር?

በሴፕቴምበር 2010 የመጀመሪያው ረቂቅ ለሴኔት ቀረበ። ኮይካ ይባላል። ብዙ ሰው ልብ አላለውም። አሮን ግን ወዲያው ከጓደኞቹ ጋር የተቃውሞ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ፤ ዲማንድ ፕሮግረስ የተባለውን ድርጅትም አቋቋመ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈራሚው 300,000 ደረሰ። እንዲያም ሆኖ በኖቬምበር የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ረቂቁን 19 ለ0 አሳለፈው። አንድም ተቃዋሚ የለም! ረቂቁን በዚያ ዘመን ያስቆሙት የኦሪገኑ ሴናተር ሮን ዋይደን ናቸው፤ ብቻቸውን ተነስተው አግደዋለሁ አሉ።

ነገሩ ግን አልሞተም። በሜይ 2011 ፒፓ በሚል ስም ለሴኔት፣ በኦክቶበር ደግሞ ሶፓ በሚል ስም ለተወካዮች ምክር ቤት ተመልሶ መጣ። ከጀርባው የሆሊውድ ፊልም ሠሪዎችና ትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ነበሩ።

እውነቱን እንናገር፤ ቅሬታቸው ከንቱ አልነበረም። ዓመት ሙሉ ለፍቶ የሠራው አልበም በወጣ ማግስት በነፃ ሲቸበቸብ ያየ ድምፃዊ ምን እንደሚሰማው እኛም አገር እናውቀዋለን። ችግሩ የመድኃኒቱ መጠን ነው። በረቂቁ መሠረት መንግሥት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ አንድን የውጭ ድረ ገጽ የኢንተርኔት አቅራቢዎች እንዲያግዱት፣ መፈለጊያዎች ከዝርዝራቸው እንዲያወጡት፣ የማስታወቂያና የክፍያ ድርጅቶች ገንዘቡን እንዲያቋርጡበት ማድረግ ይችል ነበር። ሚሊዮን ሰው የሚጽፍበት ድረ ገጽ ጥቂት ተጠቃሚዎች በለጠፉት ነገር ምክንያት በሙሉ ለአደጋ ይጋለጣል ማለት ነው። አንድ ሱቅ የተሰረቀ ዕቃ ተገኘበት ተብሎ መርካቶን ከነመንገዱ እንደመዝጋት ነው። አሮንን ያስፈራው ይህ ነበር፤ አንዴ የመዝጊያ ቁልፉ ከተሠራ፣ ነገ ለሌላ ነገር እንዳይውል ማን ይከለክላል?

ድር ሲያብር

በጃንዋሪ 18 ያ ጥቁር ቀን መጣ። ጉግል ብቻ በአንድ ቀን ወደ 7 ሚሊዮን ፊርማ ሰበሰበ። የኮንግረስ አባላት ስልክ መያዝ አቃተው። ትናንት ረቂቁን ከደገፉት ብዙዎቹ አንድ በአንድ ስማቸውን ማውጣት ጀመሩ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 20፣ የሁለቱም ረቂቆች ሂደት እንዲቆም ተደረገ። በዚያው ቀሩ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ይኸው ነው የሆነው። አሮን በዚያው ዓመት በሜይ ዋሽንግተን ላይ ባደረገው ንግግር ድሉን ለራሱ አልወሰደውም። ድሉ የመጣው እያንዳንዱ ሰው ጉዳዩን የራሱ ስላደረገው እንደሆነ ተናገረ። እንዲህ ያለው ሕግ ስም ቀይሮ ተመልሶ እንደሚመጣም አስጠነቀቀ።

ብቻውን የቆመበት ችሎት

ብዙዎች የማያውቁት ነገር እዚህ ጋ ነው። አሮን ያን ሁሉ ትግል ሲያካሂድ ራሱ የወንጀል ጉዳይ አንገቱ ላይ ነበር።

ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ በኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ በኩል፣ የምርምር ጽሑፎችን ከሚያስቀምጠው ጄስቶር ሚሊዮኖች ጽሑፎችን አወረደ። ላፕቶፑን በአንድ የመስመር ማገናኛ ክፍል ውስጥ ደብቆ ነበር። ጃንዋሪ 6 ቀን 2011 ተያዘ። ያወረደውን አላሰራጨም፤ ለጄስቶር መለሰ። ጄስቶርም ከእሱ ጋር ተስማምቶ ጉዳዩን ተወው፤ ኤም.አይ.ቲ. ገለልተኛ ነኝ አለ። የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ግን አልተወም።

የተከሰሰው በቅጂ መብት ሕግ አይደለም። ዋናው መነሻ እሱ በተወለደበት ዓመት፣ በ1986 የወጣው የኮምፒውተር ማጭበርበር ሕግ ነው። በጁላይ 2011 በ4 ክስ ተጀመረ፤ በሴፕቴምበር 2012 ክሱ ወደ 13 አደገ። ከፍተኛው ቅጣት ሲደመር እስከ 50 ዓመት እስራትና 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጥፋተኛ ነኝ ካለ በስድስት ወር እስራት ሊያልቅ እንደሚችል ተነገረው። በከባድ ወንጀለኛነት መመዝገብን ግን አልተቀበለም። ገንዘቡ በጠበቃ አለቀ።

ጃንዋሪ 11 ቀን 2013፣ ሶፓ ከቆመ ዓመት ሳይሞላው፣ ኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ከዓመታት በፊት ከድብርት ጋር ስለሚያደርገው ትግል በግልጽ ጽፎ ነበር። የሰው ሞት በአንድ ምክንያት ብቻ አይገለጽም፤ ቤተሰቡ ግን የክሱን ክብደት ተጠያቂ አድርገዋል። ክሱ ከሞቱ በኋላ ተዘጋ። የኮምፒውተር ሕጉን ለማለዘብ በስሙ የቀረበው ረቂቅ ሳይጸድቅ ቀረ። በዚያው በ2013 ስሙ በኢንተርኔት የክብር መዝገብ ሰፈረ።

እንግዲህ እኛ ከዚህ ሕይወት የምንይዘው ይህን ነው። ሰፊ ሕግ በረቂቅ ላይ እያለ ሚሊዮኖች ሲጮኹ ይቆማል። ከጸደቀ በኋላ ግን ሚሊዮኖችን አያገኝም፤ አንድ በአንድ እየጠራ ነው ችሎት የሚያቆመው። ያኔ ጥቁር ገጽ የሚለጥፍለት የለም። ስለዚህ ማንኛውም ሕግ ረቂቅ ሳለ ማንበብ፣ መጠየቅ፣ መከራከር የሁላችንም ሥራ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የፈጣሪዎችን ድካም ሳንበድል ዕውቀትን ክፍት ማድረግ እንዴት ይቻላል? ሐሳባችሁን ከታች አስቀምጡልን፣ ለወዳጆቻችሁም ሼር አድርጉ።